ስሙ በማን ተመዝግቧል? ለካራ ነጋዴ የዶሜይንና የንግድ ምልክት መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ከመገናኛ «ኮተቤ ካራ! ካራ! ካራ!» እያለ የሚጣራውን ረዳት ተከትለው ቢሳፈሩ የካ ክፍለ ከተማ ጫፍ፣ የደሴ መውጫው ላይ ይወርዳሉ። በከተማዋ ተቃራኒ ዳር፣ ከአየር ጤና ወዲያ በጅማ መንገድ፣ ካራ ቆሬ የሚባል ሌላ ሰፈር አለ። ሰሜን ሸዋ ውስጥም፣ ያው በደሴ መንገድ ላይ፣ ካራ ቆሬ የሚባል ከተማ አለ። ከገጠር የመጣ እንግዳ ቢደናገር አይፈረድበትም። ሰፈሮች በስም አይካሰሱም፤ ነጋዴዎች ግን ይካሰሳሉ። የንግድ ምልክት ሕግ የወጣውም ገዥው አንዱን ብሎ ወጥቶ ሌላው በር ላይ እንዳይቆም ነው። ኢንተርኔት ላይ በሩ የዶሜይን ስም ነው፤ እሱን ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዘው አይችልም።

ይህ መመሪያ ካራ፣ ኮተቤ፣ የካ አባዶ ወይም እንጦጦ ግርጌ ሆነው በርበሬና ሽሮ ለሚያሽጉ፣ የሀበሻ ልብስ ለሚያሰፉ፣ የእንግዳ ማረፊያ ለከፈቱ ሰዎች ነው፤ በተለይ የማያውቁት ደንበኛ በስልክና በኢንተርኔት መምጣት ለጀመረላቸው። መጀመሪያ ሊያውቁት የሚገባው ነገር አንድ ስም በሦስት የተለያዩ መዝገቦች እንደሚመዘገብ ነው። የንግድ ስም ከንግድ ፈቃድ ጋር በንግድ ቢሮ በኩል ይመዘገባል። የንግድ ምልክት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል። ዶሜይን ደግሞ፣ ዶት ኢቲ ከሆነ በኢትዮ ቴሌኮም፣ ዶት ኮም ከሆነ ውጭ አገር ባለ መዝጋቢ ድርጅት ይመዘገባል። ሦስቱ እርስ በርስ አይጠያየቁም። ንግድ ቢሮ የሰጠዎትን ስም ሌላ ሰው በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግበው ይችላል፤ የንግድ ምልክትዎን ደግሞ ሦስተኛ ሰው ከዶሜይን መዝጋቢ በጥቂት ደቂቃ ገዝቶ ሊቀመጥበት ይችላል። መዝጋቢው «ይህ ስም የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። ስለዚህ «ንግድ ፈቃድ ስላለኝ ስሙ የእኔ ነው» የሚለው ንግግር ከእውነት ግማሹን ብቻ ይዟል።

ስሙን ከመውደድዎ በፊት

ታፔላ ካሠሩ፣ ከረጢት ካሳተሙ በኋላ ስም መቀየር ያንገበግባል። ስለዚህ መፈተን ያለበት ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው።

«ካራ ባልትና» የሚል ስም አሰቡ እንበል። ካራ የቦታ ስም ነው፤ ባልትና የሥራው ስም ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ምልክት በር ላይ ይመልሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሌላው የካራ ባልትና ሻጭ «ካራ ነኝ፣ ባልትና እሸጣለሁ» እንዳይል መከልከል ፍትሕ አይሆንም። በሚያምር ሥዕል አጅበው ቢያስመዘግቡት እንኳ የሚጠበቅልዎ ሥዕሉ እንጂ ቃሉ አይደለም። ለበርበሬ «ቀይ» የሚል ስም ዋጋ የለውም፤ ለበርበሬ «ዋሽንት» የሚል ስም ግን ከዕቃው ጋር ምንም ዝምድና ስለሌለው ጠንካራ ምልክት ይሆናል። ማስታወቂያ ሠሪዎች ደስ የማይላቸውን ምክር ልስጥ፦ ስሙ ዕቃውን ባላስረዳ ቁጥር ፍርድ ቤት ፊት ይጠነክራል።

የቦታ ስም የቱን ያህል እንደሚፈትን አገሪቱ ራሷ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 የያኔው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ውስጥ አመለከተ። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ግን ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን የቡና ስም ለማስመዝገብ ከኢትዮጵያ ቀድሞ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ደግሞ እነዚህ ስሞች የቡናውን ዓይነትና ምንጭ የሚገልጹ የወል ቃላት ናቸው ብሎ ተቃወመ። ነገሩ ከቢሮ ወጥቶ አደባባይ ዋለ፤ የረድኤት ድርጅቱ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ተስማሙ። ከኋላው መንግሥትና ዓለም አቀፍ ዘመቻ የቆመለት የቦታ ስም ሁለት ዓመት ካስለፋ፣ አንድ የሰፈር ሱቅ በሰፈሩ ስም ላይ ክስ ባይመሠርት ይሻለዋል።

ከዚህ የሚከተለው ፈተና እኛን በተለይ የሚመለከት ነው፤ የላቲኑ አጻጻፍ። ታፔላዎ በግዕዝ ፊደል ተጽፏል፤ ዶሜይኑ ግን በላቲን ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል በኢንተርኔቱ ሥር መዝገብ ደንብ ውስጥ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦታ አግኝቷል፤ ይሁንና ለኢትዮጵያ በግዕዝ ፊደል የተሰጠ የአገር ኮድ የለም። እናም «ፀሐይ» የሚል ስም ካወጡ አንዱ ደንበኛ በቲ ኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፣ አንዱ በዋይ ይጨርሰዋል፣ ሌላው በአይ። «ጥቁር»ን አንዱ በኬ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። እንጦጦም ከዚህ አላመለጠም፤ በኢም በአይም ሲጀመር ይታያል። አስመሳዮች የሚገቡት በዚህ ስንጥቅ ነው። አንድ ቀላል ፈተና ይሞክሩ፦ ስሙን ለአምስት ስድስት ሰው በስልክ ይናገሩና በላቲን ጽፈው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከላኩ ስሙ ጥሩ ነው። ሁለት ዓይነት ከመጣ ሁለቱንም ዶሜይን ይግዙ። አራት ዓይነት ከመጣ ሌላ ስም ይፈልጉ።

ፍለጋው

ስሙ ፈተናውን ካለፈ ሦስቱንም መዝገብ ያስሱ። የንግድ ስሙን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢንተርኔት አገልግሎት ወይም በክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያጣሩ። ለንግድ ምልክቱ ባለሥልጣኑ ዘንድ ፍለጋ ያስደርጉ። እዚያ ሲሄዱ «ስሙ ተይዟል?» ብቻ አይበሉ፤ «በየትኛው መደብ ተይዟል?» ብለው ይጠይቁ። ዕቃና አገልግሎት ኒስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ምደባ በ45 መደብ ይከፈላሉ፦ 34ቱ የዕቃ፣ 11ዱ የአገልግሎት ናቸው። ቡና፣ ዱቄት፣ ቅመማ ቅመምና ማር መደብ 30 ውስጥ ይገባሉ፤ ልብስ 25፣ ማረፊያና ምግብ ቤት 43። ለብረት በር የተመዘገበ ስም ለሽሮ ሊፈቀድ ይችላል። ዶሜይን ግን መደብ አያውቅም፤ ብረት በር ሠሪው ዶት ኮሙን ከያዘው ባለ ሽሮው በሕግ ንጹሕ ቢሆንም አድራሻውን አያገኝም። ብዙ የዶሜይን ጠብ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሐቀኛ ሆኖ ሳለ።

ዶሜይኑን የኢንተርኔት ስሞችን በሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በአይካን፣ የፍለጋ ገጽ፣ ዶት ኢቲውን በኢትዮ ቴሌኮም ያጣሩ። ስሙ ነፃ ሆኖ ካገኙት በዚያው ዕለት ይግዙት። ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይም መጠሪያውን በዚያው ቀን ይያዙ፤ ለብዙ የሰፈር ነጋዴ ዋናው ሱቅ የቴሌግራም ቻናሉ ነውና። ይህን ሳይጨርሱ ስሙን ለአታሚም፣ ለታፔላ ሠሪም፣ ለዕቁብ ጓደኛም አይንገሩ።

የንግድ ምልክቱ

ዶሜይኑ በእጅዎ ከገባ በዚያው ሳምንት የንግድ ምልክት ማመልከቻዎን ያስገቡ። ቀኑ ወሳኝ ነው። ኋላ ጠብ ቢመጣ ዳኛው የሚያነጻጽረው ሁለት ቀኖችን ነው፦ የእርስዎ መብት መቼ ተጀመረ? ያኛው ሰው ዶሜይኑን መቼ መዘገበ? ዶሜይኑ ከምልክትዎ በፊት ተመዝግቦ ከሆነ «ስሜን ሊሰርቅ ነው የመዘገበው» ብሎ ማሳመን እጅግ ይከብዳል፤ ያልነበረ ነገር አይሰረቅምና።

አዋጅ 501/1998 እና የማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 273/2005 የሚያስኬዱት መንገድ ይህ ነው። ምልክቱን፣ የሚያገለግልበትን ዕቃ ዝርዝርና ክፍያውን ይዘው ያመለክታሉ። ጠበቃ ወይም ወኪል ከላኩ ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ይሁን። ባለሥልጣኑ መጀመሪያ ማመልከቻው የተሟላ መሆኑን፣ ቀጥሎ ምልክቱ ለምዝገባ የሚበቃ መሆኑን ይመረምራል። ካለፈ «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከዚያ 60 ቀን ይጠበቃል። ተቃዋሚ ካልቀረበ ወይም ቀርቦ ከተረታ የምስክር ወረቀቱ ይሰጥዎታል። ጥበቃው ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ነው፤ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ስሙን በግዕዝም በላቲንም ያስመዝግቡ። ገንዘብ ካጠረዎ ሥዕሉን ትተው ቃሉን ያስቀድሙ፤ አርማ በየጊዜው ይቀየራል፣ ቃሉ ይቆያል።

ያ የ60 ቀን ማስታወቂያ በሌላም በኩል ይጠቅማል። ሌላው ሰው የእርስዎን የሚመስል ስም ሲያስመዘግብ ተቃውሞ የሚያቀርቡት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ነጋዴው በጋዜጣ «ምልክቱ የእኔ ነው፣ ሌላ እንዳይጠቀምበት» የሚል ማስጠንቀቂያ ማሳተም ለምዶ ነበር። ዛሬም ይህን እንደ ምዝገባ የሚቆጥሩ አዛውንት ነጋዴዎች አሉ። አሁን የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው።

ዶሜይኑ በማን ስም?

እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡ፤ የብዙ ሰው ችግር እዚህ ነውና። ሰው የዶሜይን ሌባ ሲባል ባሕር ማዶ ያለ፣ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠ የማይታወቅ ሰው ይመስለዋል። በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፦ ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ፣ የተለየ ሸሪክ፣ ወይም ዲሲ ያለ የአጎት ልጅ። ክፋት ላይኖርበት ይችላል። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ዶላሩ በካርድ ስለሚከፈል ካርድ ያለው ሰው ይለመናል። ካርድ ያለው ሰው በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስም አካውንት ይከፍታል። ሦስት ዓመት ያልፋል። ከዚያ ይጣላሉ፣ ወይም ልጁ ስልኩን ይቀይራል፣ ወይም ዘመድዎ ማደሱን ይረሳል። በመዝገቡ ላይ ባለቤቱ እሱ ነው፤ እርስዎ ማንም አይደሉም።

ስለዚህ ከፋዩ ማንም ይሁን፣ «ተመዝጋቢ» በሚለው ቦታ ላይ የሚጻፈው የድርጅትዎ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው መሆን አለበት። ኢሜይሉ የእርስዎ ይሁን፤ የሠራተኛ ወይም የባለሙያ አይሁን። ያንን ኢሜይል በዚሁ ዶሜይን ላይ አይክፈቱት፤ ዶሜይኑ የተወሰደ ቀን ኢሜይሉም አብሮ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉን ለባለሙያው መስጠት የግድ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ ይቀይሩት፤ በስልክዎ የሚመጣውን ሁለተኛ ማረጋገጫ ያብሩ፤ ዝውውር የሚከለክለውን ቁልፍ ያስቆልፉ። ከዌብሳይት ሠሪው ጋር ሲዋዋሉ አንድ መስመር ያስገቡ፦ «ዶሜይኑ፣ የይለፍ ቃሉና የገጹ ይዘት የአሠሪው ንብረት ነው፤ ሥራው እንዳለቀ ያስረክባል።» ባለሙያው በዚህ ካኮረፈ ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ። ዘመድ ከከፈለልዎ ደግሞ በቴሌግራም አጭር መልእክት ይላኩለት፦ «ይህን ዶሜይን ለድርጅቴ ስለገዛህልኝ አመሰግናለሁ።» እሱም «ምንም አይደል» ብሎ ይመልሳል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ስለሚደነግግ፣ ያቺ ምስጋና አንድ ቀን ማስረጃ ትሆናለች።

ዶት ኢቲ ወይስ ዶት ኮም? ከቻሉ ሁለቱንም። ዶት ኢቲ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 ለኢትዮጵያ የተሰጠ የአገር ኮድ ነው፤ በሥሩ ለንግድ ዶት ኮም ዶት ኢቲ፣ ለድርጅቶች ዶት ኦርግ ዶት ኢቲ፣ ለትምህርት ዶት ኢዱ ዶት ኢቲ፣ ለመንግሥት ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ አሉ። ለዶት ኢቲ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሲሄዱ ንግድ ፈቃድዎን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎንና የንግድ ምልክት ማስረጃ ካለዎት እሱንም ይያዙ። ጥቅሙ በብር መከፈሉና ጠብ ቢነሳ ሁሉም ነገር እዚሁ አገር ውስጥ መሆኑ ነው። ዶት ኮም ደግሞ የውጭው ደንበኛ ሳያስብ የሚጽፈው አድራሻ ነው፤ ሌላ ሰው ቢይዝብዎ የሚያስመልስ የታወቀ ሥርዓትም አለው።

ስምዎን ሌላ ሰው ይዞት ሲያገኙ

ቁጣዎን ይዋጡና መጀመሪያ ማስረጃ ይሰብስቡ፤ ያኛው ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ገጹን ያጠፋዋልና። የገጹን ምስል ቀኑ እየታየ ያንሱ፣ ያትሙ። ዶሜይኑ የተመዘገበበትን ቀን በአይካን ፍለጋ ያግኙ። የባለቤቱ ስም ላይታይ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ አብዛኛው ተሸፍኗል። ቀኑ ግን ይታያል።

ከዚያ ሰውየው ምን እያደረገበት እንደሆነ ይለዩ። የእርስዎን ዓይነት ዕቃ በስምዎ እየሸጠ ነው? ዶሜይኑን ባዶ አስቀምጦ «ይሸጣል» ብሏል? ወይስ በራሱ ትክክለኛ ምክንያት ይጠቀምበታል? ሦስተኛው ከሆነ ይተዉት። በስሙ ተመሳሳይነት ብቻ የሰው ንብረት አይወሰድም።

ቀጥሎ ደብዳቤ ይጻፉ፤ አጭርና ጨዋ። የምልክትዎን የምዝገባ ቁጥር ይጥቀሱ፣ የሚፈልጉትን ይናገሩ፣ ቀነ ገደብ ይስጡ። «ስንት ትሸጥልኛለህ?» ብለው አይጀምሩ፤ ዋጋ ጠያቂው እሱ ከሆነ ግን ያ መልእክት የወርቅ ያህል ነው፣ ያስቀምጡት። ምክንያቱን ከመጀመሪያው ፍርድ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1999 አንድ አሜሪካዊ የዓለም ትግል ፌዴሬሽንን ስም በዶት ኮም አስመዘገበ፤ በሦስተኛው ቀን ለፌዴሬሽኑ በ1,000 ዶላር ሊሸጥለት ጠየቀ። ፌዴሬሽኑ ጄኔቭ ባለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ማለትም ዋይፖ፣ ዘንድ ከሰሰ፤ በጥር 2000 ዶሜይኑ እንዲዛወርለት ተወሰነ። ዩዲአርፒ በሚባለው ሥርዓት ዋይፖ ያየው የመጀመሪያ ጉዳይ ይህ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ለዋይፖ የቀረቡት የዶሜይን ክርክሮች ከ6,000 በላይ ነበሩ።

ዩዲአርፒ አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው ሥርዓት ሲሆን ዶት ኮምንና መሰሎቹን ይገዛል። ለማሸነፍ ሦስት ነገር ማስረዳት አለብዎ፤ አንዱ ከጎደለ ይወድቃሉ። ዶሜይኑ ከንግድ ምልክትዎ ጋር አንድ ነው ወይም እስኪያደናግር ይመሳሰላል። ያዡ በስሙ ላይ መብት ወይም ተገቢ ጥቅም የለውም። የመዘገበውም የተጠቀመበትም በክፉ ልቦና ነው። ምልክቱ በየትኛውም አገር የተመዘገበ ሊሆን ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ያወጡት የምስክር ወረቀት ጄኔቭ ላይ ይሠራል። ካልተመዘገበ ግን ስምዎ በገበያ መታወቁን በደረሰኝ፣ በማስታወቂያና በደንበኛ ምስክርነት ለማሳየት ብዙ ይደክማሉ።

አካሄዱ ሁሉ በኢሜይል ነው፤ ማንም ጄኔቭ አይሄድም። አቤቱታው ከ5,000 ቃል መብለጥ የለበትም፤ ቋንቋው ዶሜይኑ የተመዘገበበት ውል ቋንቋ ነው፣ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ። አቤቱታው ሲገባ ዶሜይኑ ይቆለፋል፣ የተሸፈነው ባለቤትም ማንነት ይገለጣል። ተከሳሹ 20 ቀን አለው። ዳኛው ከተሰየመ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ይወስናል። ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት ተሸናፊው ፍርድ ቤት እንዲሄድ 10 የሥራ ቀን ይጠበቃል። የሚያገኙት ዶሜይኑን ወይም ስረዛውን ብቻ ነው፤ ካሳ የለም። የዋይፖ ክፍያ ለአንድ ዳኛና እስከ አምስት ዶሜይን 1,500 ዶላር ነው፤ ሦስት ዳኛ ከፈለጉ 4,000። ሒሳቡን ይሥሩ። ያዡ 200 ዶላር ጠይቆ ከሆነ፣ መርሕ ይቆየንና መክፈሉ ይረክሳል። ሕግ አዋቂዎች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ ገንዘቡ ግን የእርስዎ ነው።

ለዶት ኢቲ ዩዲአርፒ በራሱ አይሠራም፤ የአገር ኮዶች በየአስተዳዳሪያቸው ደንብ ይመራሉ። ስለዚህ ጥያቄዎ መጀመሪያ በጽሑፍ ለኢትዮ ቴሌኮም ይቅረብ፤ የምልክት ምስክር ወረቀቱን ያያይዙ፣ ቀን ያለበት የገቢ ማኅተም ያስመቱ። ካልተፈታ ጉዳዩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው አይፈታውም። ክሱ ሁለት እግር ሊኖረው ይችላል። አንዱ አዋጅ 501/1998 ለምልክት ባለቤት የሚሰጠው ሌላውን የመከልከል መብት ነው። ሁለተኛው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንቀጽ 8 የሚከለክለው፣ ገዥን የሚያደናግር ያልተገባ ውድድር ነው። በዩዲአርፒ የማይገኙት እግድና ካሳ እዚህ ይጠየቃሉ። ያኛው ሰው ሆን ብሎ ስምዎን አስመስሎ ዕቃ የሚሸጥ ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 720ም አለ። ዌብሳይት ሠሪው «አልሰጥም» ያለበት ጉዳይ ግን ከሁሉ በፊት የውል ጉዳይ ነው፤ በውሉና በክፍያ ደረሰኙ ይጀምሩ።

ለቴሌግራምና ለፌስቡክ መጠሪያ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት የየድርጅቱን የንግድ ምልክት አቤቱታ ቅጽ ይሙሉ። የሚጠይቁት የምዝገባ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ከሌለዎት ቅጹን መሙላት ልፋት ነው።

ክሱ ወደ እርስዎ ሲመጣ

የማያውቁት የውጭ ድርጅት «ስሜን ይዘሃል» ብሎ ቢጽፍልዎ አይደንግጡ፣ ዝምም አይበሉ። መልስ ያልሰጠ ተከሳሽ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል፤ 20 ቀኑ ሲቆጠር ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ክሱ ከመድረሱ በፊት በስሙ ትክክለኛ ሥራ ይሠሩ እንደነበር፣ ወይም ስሙ በእርግጥ የእርስዎ መጠሪያ መሆኑን ያሳዩ፤ ንግድ ፈቃድ፣ የታፔላ ደረሰኝ፣ የድሮ ፎቶግራፍ ይጠቅማሉ። ኡዚ ኒሳን የሚባል አሜሪካ ይኖር የነበረ ኮምፒውተር ነጋዴ የቤተሰቡን ስም በዶት ኮም ይዞ ነበር። የመኪናው ኩባንያ ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1999 ከሰሰው፤ ክርክሩ ለዓመታት ተጓተተ፤ ዶሜይኑ ግን በሰውየው እጅ ቀረ። ለጠበቃ ያወጣው ገንዘብ አልተመለሰለትም። የማይገባቸውን ዶሜይን በዩዲአርፒ ለመንጠቅ የሚሞክሩ ከሳሾችን ዳኞቹ በውሳኔያቸው ላይ በግልጽ ያወግዟቸዋል፤ ውግዘቱ ቅጣት የለውም፣ ነገር ግን ታትሞ ይቀራል።

የቀን መቁጠሪያው

ብዙ ስም የሚጠፋው ሳይታደስ በመቅረቱ ነው፤ ክስ ኋላ ነው የሚመጣው። ዶት ኮም ቀኑ ሲያልፍ ወዲያው ለሌላ አይሰጥም። መዝጋቢው የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ አለ፤ ከዚያ በከፍተኛ ክፍያ ማስመለስ የሚቻልበት 30 ቀን፣ ከዚያ ስሙ ታግዶ የሚቆይበት 5 ቀን ይከተላል። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ይወድቃል፤ የሚወድቁ ስሞችን የሚጠብቁ ኮምፒውተሮች ደግሞ አይተኙም። በዶላር መክፈል ለሚቸግረው ሰው የተሻለው ዘዴ ካርድ በተገኘ ጊዜ ለብዙ ዓመት አንድ ላይ ማደስ ነው፤ እስከ 10 ዓመት ይቻላል።

መዝጋቢዎች ቀኑን የሚነግሩዎ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወደ እኛው ቀይረው ከንግድ ፈቃድ እድሳቱ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ የንግድ ምልክቱን የ7 ዓመት ቀንም እዚያው ያስገቡ። ወረቀቱን ሱቁ ውስጥ ሒሳብ የሚይዘው ሰውም ያየው። ሱቁን የሸጡ ወይም ከሸሪክዎ የተለያዩ ዕለት ዶሜይኑና ምልክቱ ለማን እንደሚሄድ በውሉ ውስጥ በየስማቸው ይጻፉ፤ የምልክቱን ዝውውር ባለሥልጣኑ ዘንድ ያስመዝግቡ፣ የዶሜይን አካውንቱንም ኢሜይል በዚያው ቀን ያስቀይሩ።